ዶቃውም ሰንሰለቱም አይደለም

ሰብልዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ ደህና ናቸው? «ጠፋሁብሽ» ብሎ መጀመር የጠፊ ሁሉ ልማድ ነው፤ ምክንያት ብደረድርም ውሃ አያነሳ። ይቅርታሽን በዱቤ ወስጃለሁ፤ ስንገናኝ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

ሳልመልስልሽ የቀረውን ጥያቄ ግን አልረሳሁትም። «ሁለት ሐብል ሠርቼ ሁለቱም ተበጠሱብኝ፤ ጥፋቱ የዶቃው ነው ወይስ የሰንሰለቱ?» ብለሽ ከነፎቶው ልከሽልኝ ነበር። ፎቶውን አሁንም አስፍቼ እያየሁት ነው። የዶቃውም የሰንሰለቱም አይደለም። የከዳሽ ሁለቱን የሚያያይዘው የሽቦ ጆሮ፣ ማለትም እንደ ቀለበት የተጠመዘዘው የሽቦው ጫፍ ነው፤ አፉ አልገጠመም። የመስታወት ዶቃ በሐብል ላይ ለዓይን ነው፤ ሸክሙን ሁሉ የሚችለው በሆዱ ያለፈው ሽቦ ነው። አንቺ ገንዘብሽን ዶቃው ላይ አውጥተሽ ሽቦውን ከተገኘው ወስደሻል።

ሽቦሽ ከስልክ ገመድ የወጣ መዳብ ይመስላል። ለመለማመጃ ከእሱ የሚሻል የለም፤ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ቢበላሽም አይቆጭም። ችግሩም ያው ነው፦ በቀላሉ የታጠፈ በቀላሉ ይፈታል። ሹራብ ያዝ ሲያደርገው ወይም የታቀፈ ሕፃን ሲጎትተው ጆሮው ቀስ እያለ ይከፈታል፤ አንድ ቀን ዶቃው ወለል ላይ ነው። ላብ ሲነካው ደግሞ አንገት ላይ አረንጓዴ ይተዋል፤ ናስም ከዚህ ነፃ አይደለም። ለሚሰጥ ወይም ለሚሸጥ ሐብል የናስ ወይም የስቴንለስ ስቲል ሽቦ ይሁን። ለ6 ሚሊሜትር ዶቃ 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ልክ ነው፤ የ4 ሚሊሜትር ዶቃ ቀዳዳው ስለሚጠብ ወደ 0.6 ውረጂ። ናሱ ለስላሳ ከሆነብሽ ግማሽ ሜትር ቆርጠሽ አንዱን ጫፍ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እሰሪው፤ ሌላውን በፒንሳ ይዘሽ ወጥሪው። ትንሽ ለጠጥ ሲል እጅሽ ላይ ይሰማሻል፤ እዚያ ላይ አቁሚ። መጣመሙም ይጠፋል፣ ሽቦውም ይጠነክራል። ስቴንለስ ይህን ሁሉ አይፈልግም፤ ግን ለስላሳ ሽቦ የሚቆርጠውን ቀጭን መቁረጫሽን ጥርሱን ይሸርፈዋልና ለእሱ ሌላ ጠንካራ መቁረጫ መድቢ።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። አፍንጫው ክብና ሾጣጣ የሆነ ፒንሳ አንድ፣ አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ፒንሳ ሁለት፣ መቁረጫ አንድ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፒንሳ አፉ ውስጥ ጥርስ ስላለው ሽቦውን ይነክሰዋል፤ የተቀባ ከሆነ ቅቡን ይልጠዋል። ሌላ ከሌለሽ አፉን በፕላስተር ጠቅልይው።

አሁን ወደ ጆሮው። ይህን በግምት አትሥሪው፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። የጆሮው ውስጥ 2 ሚሊሜትር ይሁን። ሽቦው 0.8 ስለሆነ ከሽቦ መሐል እስከ ሽቦ መሐል 2.8 ይመጣል፤ ይህን በ3.14 ስታበዢው 8.8። ስለዚህ ከዶቃው አናት በላይ መትረፍ ያለበት 9 ሚሊሜትር ነው። የጠፍጣፋ ካርቶን ጫፍ ላይ 9 ሚሊሜትር ምልክት አድርገሽ አጠገብሽ አስቀምጪ፤ ለእያንዳንዱ ዶቃ ማስመሪያ ማንሳት ይሰለቻል፣ ሲሰለች ደግሞ ግምት ይጀመራል።

ሽቦውን በዶቃው ካሳለፍሽ በኋላ አናቱ ላይ በጠፍጣፋው ፒንሳ ወደ ጎን በቀጥታ እጠፊው፤ ልክ እንደ ግድግዳና ወለል ይሁን። ትርፉን 9 ላይ ቁረጪ። ከዚያ የሽቦውን ጫፍ በክቡ ፒንሳ ያዢው፤ ጫፉ ከፒንሳው ወዲያ ማዶ ብቅ ማለት የለበትም። በጣትሽ ስትነኪው ፒንሳውን ብቻ ከነካሽ ልክ ነው። ከታጠፈበት በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዢው። በአንድ ጊዜ አይዞርም፤ ግማሽ ድረስ ሄደሽ ፒንሳውን ለቀቅ አድርጊና መልሰሽ ያዢ፣ ከዚያ ጨርሺው። ክቡ ፒንሳ ከሥሩ ወፍራም ከጫፉ ቀጭን ስለሆነ በያዝሽበት ቦታ ልክ ጆሮው ይሰፋል ይጠባል። ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር በሆነበት ቦታ ላይ በማይለቅ ቀለም መስመር አስምሪና ሁልጊዜ እዚያው ላይ ጠምዝዢ። በፎቶው ላይ ያሉት ጆሮዎች አንዱ የምስር አንዱ የባቄላ የሚያክለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እጅሽ ጥፋት የለበትም።

ጆሮው ወደ አንድ ጎን ካጋደለ መጀመሪያ ላይ ሽቦውን በደንብ አላጠፍሽውም ማለት ነው። ጫፉ ሥሩ ላይ ከተደረበ ሽቦው ረዝሟል፤ ክፍተት ከቀረ አጥሯል። ክፍተቱን በመጭመቅ ለመዝጋት አትሞክሪ፤ ጆሮው እንደ እንቁላል ይሞላለልና አፉ ሌላ ቦታ ይከፈታል። ያን ሽቦ ጥለሽ በሌላ ጀምሪ። ለ9 ዶቃ የሚያስፈልገው ሽቦ 22 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ 1 ሜትር ግዢ የምልሽ ለዚሁ ነው። ሁለተኛውን ጆሮ ስትሠሪ ደግሞ ፒንሳውን ዶቃው ላይ አታስደግፊ። የቀዳዳው ጠርዝ የመስታወቱ ደካማ ቦታ ነው፤ ትንሽ ሲጫኑት ይሸረፋል፣ ስንጥቁም ወዲያው ላይታይ ይችላል። ዶቃው በሽቦው ላይ ያለ ሐሳብ መሽከርከር አለበት።

ሲያልቅ ሁለቱን ጆሮዎች በሁለት ፒንሳ ይዘሽ ትይዩ እስኪሆኑ ዞር ዞር አድርጊያቸው፤ አለዚያ ሐብሉ አንገት ላይ ይጠማዘዛል። ከዚያ ፈተናው፦ ቀጭን የመስፊያ ክር በጆሮው ውስጥ አሳልፈሽ ወደ አፉ ጎትቺው። ክሩ ከሾለከ አልገጠመም። ዓይን ያታልላል፤ ክር አያታልልም።

ጆሮውንም ሆነ ማያያዣ ቀለበቱን ስትከፍቺ ወደ ግራና ቀኝ አትለያዪው። ክብነቱ ይጠፋል፣ ሁለተኛም አይመለስም። አንዱን ጫፍ ወደ ራስሽ፣ ሌላውን ወደ ፊት፣ እንደ በር ነው የሚከፈተው። ስትዘጊው ከመግጠሚያው ትንሽ አሳልፈሽ መልሺው፤ ሁለቱ ጫፎች ሲፋተጉ የምትሰሚያት ቀጭን ድምፅ አለች፣ እሷን ሳትሰሚ አትለፊ። ሦስት አራት ጊዜ የተከፈተና የተዘጋ ቀለበት ደርቋልና ይሰበራል፤ ጣይው።

ዶቃው ከ10 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ወይም መሐል ላይ ከባድ ነገር የምታንጠለጥዪ ከሆነ እንዲህ ያለው ተራ ጆሮ አይበቃም። በየጎኑ 4 ሴንቲሜትር ሽቦ አስተርፊ፣ ጆሮውን ከሠራሽ በኋላ ትርፉን በአንገቱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ጠምጥሚና ጫፉን ቆርጠሽ አስተኚው። ይህ ጆሮ አይከፈትም። አይከፈትም ስልሽ ላንቺም አይከፈትም፦ ሰንሰለቱን ሳታስገቢ ከጠመጠምሽው ቆርጦ መጣል ብቻ ነው መፍትሔው። ሁሉም ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይረሳዋል።

ልኬቱን እንዲህ አድርጊው። 45 ሴንቲሜትር የሆነ ሐብል ለአብዛኛው ሴት ከአንገት ሥር ባለው አጥንት ላይ ያርፋል። 9 ዶቃ ፊት ለፊት፣ በመካከላቸው ሦስት ሦስት የሰንሰለት ቀለበት፣ ከኋላ ሰንሰለት ብቻ። የ6 ሚሊሜትሩ ዶቃ ከነጆሮዎቹ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ 11.6 ሚሊሜትር ይይዛል። ሰንሰለትሽ ሞላላ ሆኖ የአንዱ ቀለበት ርዝመት 4፣ የሽቦው ውፍረት 0.7 ከሆነ፣ ሲያያዝ እያንዳንዱ ቀለበት የሚጨምረው 2.6 ብቻ ነው፤ ሦስቱ 7.8። እንግዲህ 9 ዶቃ 104.4፣ ስምንቱ መካከል 62.4፣ ድምሩ 16.7 ሴንቲሜትር ገደማ። ቆላፊውና ቀለበቶቹ 2 ሴንቲሜትር ይወስዳሉ። የቀረው 26.3 ለሁለት ሲካፈል በየጎኑ 13 ከትንሽ ነው። ብዙዎች ዶቃውን በ6 ብቻ አባዝተው ጆሮውን ይረሱታል፤ ከዚያ ሐብሉ ካሰቡት በታች ይወርዳል።

ሰንሰለቱ ቀለበቱ የተበየደ ከሆነ በቆረጥሽ ቁጥር አንድ ቀለበት ይሞታል፤ ሦስት ለማግኘት አራት ቁጠሪ። በጠቅላላው 35 ሴንቲሜትር ይበቃል፣ ግን ግማሽ ሜትር ያዢ፤ ከሚተርፈው ላይ 5 ሴንቲሜትሩ ከኋላ ማስረዘሚያ ይሆናል። የጎኖቹን ሁለት ረጃጅም ቁራጮች በማስመሪያ አትለኪያቸው። አንድ መርፌ በሁለቱም የመጀመሪያ ቀለበት ውስጥ አሳልፈሽ አንጠልጥያቸው፤ ታች ላይ እኩል ካልሆኑ ወዲያው ይታያል።

ቆላፊው 12 ሚሊሜትር የሆነው ለእጅ ይመቻል፤ ለቀኝ እጅ ሰው በቀኝ ጎን ይሁን። አብሮት የሚሸጠው ቀጭን ቀለበት ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚከዳ ነው። በ0.8 ወይም በ1 ሚሊሜትር ሽቦ የተሠራ፣ የውጭ ስፋቱ 5 የሆነ ቀለበት ተኪበት።

ስለ ዶቃው ጥቂት ልበልሽ። (ዶቃ ስል ጨሌ ማለቴ ነው፤ እማማ ፊት ግን ዶቃ በዪው፣ ጨሌ ሲባል ውቃቢና ዛር ፊታቸው የሚደቀን ብዙ ናቸው።) ጥቃቅኑ ዶቃ ከተሳበ ረጅም የመስታወት ቱቦ ላይ ተቆርጦ ነው የሚወጣው። ጥሩው እንደገና በእሳት ይለሰልሳል፤ ርካሹ ላይ ግን የተቆረጠበት ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቀራል፣ ክር የሚበላውም ይኸው ጠርዝ ነው። በሽቦ ላይ አይጎዳም፣ በክር ላይ ግን አትተማመኚበት። ያለ ሰንሰለት ሙሉውን በዶቃ መሥራት ካሰብሽ፣ ለ45 ሴንቲሜትር የ6 ሚሊሜትሩ 70 ገደማ፣ የ4 ሚሊሜትሩ ከ105 በላይ ያስፈልጋል፤ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይቅርብሽ፣ ቋጠሮው ይንሸራተታል። በፕላስቲክ የተሸፈነ የብረት ገመድ፣ 0.38 ሚሊሜትር፣ ይሻላል። ጫፉን በትንሿ የብረት ቱቦ ስትጨምቂ ግን እስክትሰነጠቅ አትጫኚያት፤ የተሰነጠቀች ቱቦ ገመዱን ራሷ ትቆርጠዋለች። ከመዝጋትሽ በፊት ሐብሉን ክብ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ አኑሪው። ደርቆ ማዕዘን ከሠራ ጠብቋል፤ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር እንዲላላ አድርጊ።

ቀለሙን ሳትፈትኚ ከረጢት ሙሉ አትግዢ። ሦስት ዶቃ ወስደሽ አሴቶን ባለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በነከርሽው ጥጥ ፈትጊያቸው፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ ቀለሙ ከላይ የተቀባ ነው፣ ላብና ሽቶ ያነሱታል። ሌላ ሦስት ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ሁለት ሳምንት ተዪ፤ በተለይ ሮዝና ወይን ጠጁ እዚያ ነው የሚጋለጠው። ውስጣቸው ብር የተቀባው ሲያብረቀርቁ ያምራሉ፣ ግን ዓመት ሳይሞላ የሚጠቁሩ አሉና በውድ አትግዣቸው።

ለሰንሰለቱ ማግኔት ያዢ። በኃይል ከሳበው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ተራ ብረት ነው፤ ቅቡ ሲነሳ ይዝጋል። ካልሳበው ናስ ወይም ስቴንለስ ሊሆን ይችላል፣ ግን ኒኬል ቅብ መኖር አለመኖሩን ማግኔት አይነግርሽም። ጀርመን ላለችው እህትሽ የምትልኪው ከሆነ ስቴንለሱን ምረጪ፤ የአውሮፓ ኅብረት ቆዳ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ጌጥ በሳምንት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ ይከለክላል። ኒኬል የማይስማማው ሰው አንገቱ ይቀላል፣ ያሳክከዋል፤ ያኔ ሐብሉ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ምንም ዓይነት አትሥሪ፤ ቢበጠስ ዶቃው ያንቃል፣ ባይበጠስ ሰንሰለቱ።

የተበጠሱትን ሁለቱን አትጣያቸው። ዶቃዎቹ ደህና ናቸው፤ የድሮውን ሽቦ በዶቃው ወገብ ሳይሆን በጆሮው ላይ ቆርጠሽ አውጪው። ከዚያ አንድ ዶቃ ብቻ በአዲሱ ሽቦ ሠርተሽ የጆሮውን ፎቶ ከቅርብ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ሁለት ወር አላስጠብቅሽም፣ በዚያው ቀን እመልሳለሁ።

ያንቺዋ
ጠፊዋ ጓደኛሽ