የሳይንስ ክበብ ዘንድሮ፦ ከጄምስ አሊሰን እስከ ዘነበወርቅ

የትምህርት ቤታችን ሳይንስ ክበብ ዘንድሮ ምን ሰራ ለምትሉ፣ አንድ ሰውዬ ስናጠና ከረምን። ይሄን ሳነብ የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ፣ ስታፍ ውስጥም «እናንተ ታሪክ ክበብ ሆናችሁ እንዴ፣ ሮኬት ምናምን አትሰሩም ወይ» ተብያለሁ። ሮኬቱ ይቅርና ለተራ ሙከራ የምንጠቀምበትን ብልቃጥ እንኳን ከኬሚስትሪ ክፍል ለምነን ነው የምናመጣው፣ የሰው ታሪክ ማጥናት ግን ብር አይጠይቅም።

ሰውዬው ጄምስ አሊሰን ነው፣ አሜሪካዊ ኢሚዩኖሎጂስት (ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል የሚያጠና)፣ በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ጋር የህክምና ኖቤል የተሸለመው። ለምን እሱ? ልጆቻችን ሳይንቲስት ሲባል ከላብራቶሪ ውስጥ የተወለደ ፍጡር ስለሚመስላቸው ነው። እሱ ግን በ1948 የተወለደው ቴክሳስ ውስጥ አሊስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፣ ገና ልጅ እያለ እናቱ በሊምፎማ ካንሰር ሞታበታለች፣ አጎቶቹንም ካንሰር ወስዶበታል። ወደ ሳይንስ የመራው ደግሞ የ8ኛ ክፍል የሂሳብ አስተማሪው ነው (ይሄን ሳነብ የሂሳብ ክፍላችን መምህራን ፊት ላይ የነበረውን ኩራት ባያችሁ)። ሃይስኩል ሲደርስ ዝግመተ ለውጥ የሌለበት ባዮሎጂ አልማርም ብሎ ትምህርቱን ከዩኒቨርሲቲ በርቀት ወስዶ ጨረሰ። በዚች ነገር አንድ ወላጅ ቢሮ ድረስ መጥተው «ልጆቹን አስተማሪ እንዲቃወሙ እያስተማርካቸው ነው» ብለውኛል። እኔ ያልኳቸው ልጁ ከክፍል የቀረው ትምህርት ጠልቶ አይደለም፣ ጎደለብኝ ብሎ ነው፣ እንደዚህ ያለ ተማሪ ካለ እባካችሁ ላኩልኝ ነው።

የሐሙስ ስብሰባችን እንደሁልጊዜው ነው፣ ፖስተር ሰራን፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ በየሁለት ሳምንቱ አነበብን፣ ጥያቄና መልስ ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ ጋር አደረግን (ተሸንፈናል፣ ዳኛው የነሱ ክበብ አባል ነበር፣ ይሄንንም ልብ በሉልን)። ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ፈተና ሲደርስ ግማሹ አባል ጠፋ፣ ልናሳይ ያዘጋጀነው ስላይድም መብራት ሄዶ ሳይታይ ቀረ።

ሳይንሱን ስንጀምር ግን ልጆቹ ተነቃቁ። ቲ ሴል የሚባለው የደም ህዋስ ሰውነት ውስጥ እየዞረ በበሽታ የተያዘውን ሴል ለይቶ ይገድላል፣ አሊሰን በ1982 ይሄ ህዋስ ጠላቱን የሚለይበትን ፕሮቲን ካገኙት አንዱ ነው። ቲ ሴሉ እንደ መኪና ነዳጅ መርገጫም ፍሬንም አለው፣ ቲ ሴሉ ላይ ያለውን ሲቲኤልኤ ፎር የሚባል ፕሮቲን አንዳንዶች ነዳጅ መርገጫ ነው ሲሉ እነ አሊሰን አይደለም ፍሬን ነው አሉ፣ ከዛ ደግሞ ይሄን ፍሬን በአንቲቦዲ (ዒላማውን ለይቶ በሚጣበቅ ፕሮቲን) እንዳይሰራ ብናግደው ቲ ሴሉ ካንሰሩ ላይ አይነሳም ወይ ብለው ጠየቁ። ዳና ሊች የሚባለው ረዳቱ አይጦች ላይ ሞክሮ እጢው ጠፋ፣ አሊሰን ማመን ስላቃተው ወዲያው ይደገም አለ፣ ጊዜው የፈረንጆች ገና ነበርና ሊች ለእረፍት ሊሄድ ስለሆነ የእጢውን መጠን የሚለካው ፕሮፌሰሩ ራሱ ሆነ። መጀመሪያ ሁሉም አይጥ ላይ እጢው አደገ፣ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል መድሃኒቱን የወሰዱት ላይ ቆመ፣ ከዛ መክሰም ጀመረ። በ1996 ታተመ። መድሃኒት ሆኖ የተፈቀደው ግን በ2011 ነው! መሃል ላይ ስንት ኩባንያ ፊቱን አዞረበት። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ተሰራጭቶባቸው ይሄን መድሃኒት ከወሰዱት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ለዓመታት ኖረዋል፣ በፊት ያ ካንሰር ከተሰራጨ በኋላ በወራት የሚገድል ነበር።

ልጆቹ ይሄን ሜዳ ላይ በድራማ ሰሩት፣ ፍሬን የሆነው የ9ኛ ክፍል ልጅ ቲ ሴሎቹን አለቅም ብሎ ድራማው ሳያልቅ ደወል ተደወለ። አሊሰን ሃርሞኒካ እንደሚጫወትና ከካንሰር ተመራማሪ ጓደኞቹ ጋር ባንድ እንዳለው ስነግራቸውማ የሙዚቃ ክበብ አባላት ሁለቱም ክበብ ውስጥ መመዝገብ ይቻላል ወይ ብለው መጡ። ይቻላል።

አሁን ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልምጣ፣ ጉዞው። ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሄድን፣ ከ1970 ጀምሮ የሥጋ ደዌን ኢሚዩኖሎጂ ሲያጠና የኖረ ተቋም ነው፣ ብዙዎቻችን በታክሲ እያለፍን ምን እንደሚሰራ አናውቅም። ስሙ የተወሰደው በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው የኖርዌይ ሐኪም ነው። ያስጎበኙን ተመራማሪ አንድ ነገር አስረዱን፣ ባክቴሪያው አንድ ሆኖ አንዱ ሰው ላይ ጥቂት ምልክት ብቻ ያወጣል፣ ሌላው ላይ መላ ሰውነት ይወርሳል፣ ልዩነቱ የሰውዬው መከላከያ ነው፣ ነርቭ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ብዙው የሚመጣው ከራሱ ከሰውነት ቁጣ ነው።

ይሄኔ ከኋላ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። ዓመቱን ሙሉ ስሟን ስጠራ «አቤት» ከማለት ሌላ ድምጿን አልሰማሁም። «ቲቸር ያሉን ሰውዬ ፍሬኑን ሲያነሳ ታዲያ ሰውነት ራሱን አይመታም?» አለች። ተመራማሪው ዝም ብለው አዩዋትና «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አሏት። ከዛ በደንብ መለሱላት፣ አዎ ይመታል፣ መድሃኒቱን የወሰዱ ሰዎች አንጀታቸው፣ ቆዳቸው፣ ጉበታቸው የሚቆጣበት አለ፣ ሐኪሞች ያንን በሌላ መድሃኒት ያበርዱታል፣ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ተመራማሪ የሚለፋው እሷ በጠየቀችው ላይ ነው። እኔ ዲግሪዬን እስክይዝ ይሄን ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ክፍላችን ውስጥ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ጓደኞቿ ሲያስጨንቋት መጡ፣ እሷ ግን ደብተሯን አውጥታ ትጽፍ ነበር።

እንግዲህ ይቺ ልጅ ቲ ሴል በአይኗ አይታ አታውቅም። ያለን ማይክሮስኮፕ በመስታወት ብርሃን የሚሰራ ነው፣ ሌንሱ ተሰንጥቋል፣ በየዓመቱ እቅድ ውስጥ እናስገባለን በየዓመቱ «በጀት ሲገኝ» ይባላል። ለኳስ ቡድናችን አዲስ ማሊያ መገዛቱን አልቃወምም፣ ደስ ብሎኛል፣ ግን በጀት ሲገኝ አየሁት ማለቴ ነው። የጉዞውን ትራንስፖርት የሸፈነው የወላጆች መዋጮና ልጆቹ በእረፍት ሰዓት የሸጡት ሻይና ቦንቦሊኖ ነው። ወላጅ መምህር ህብረት ይሄን ያንብብልኝ፣ ውጭ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም አንብቡት፣ ያገለገለ ማይክሮስኮፕም ቢሆን እንቀበላለን፣ የደም ስላይዱን እኛ እናዘጋጃለን።

ለከርሞ የያዝነው ዶክተር አክሊሉ ለማን ነው፣ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን አይተው የቢልሃርዚያ መከላከያ ያገኙትን። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ግቢው ውስጥ እንዶድ ያለው ሰው ፍሬውን ቢያመጣልን ደስ ይለናል፣ ለዚህስ በጀት አያስፈልግም።