ርካሽ ቡና በለቃሚው ኪሳራ አይሁን

ለአዘጋጁ፦

ትልልቅ የውጭ ገዢዎች የቡና ዋጋ ሲጫኑ፣ ርካሹን የሚመርጥ ሸማችም ሲያግዛቸው፣ ጫናው ጅማ ላይ ለቃሚው ዘንድ ይደርሳል። 1 ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና 6 ኪሎ ያህል ቀይ እሸት (የበሰለ የቡና ፍሬ) ይፈልጋል፤ ለቃሚው የሚከፈለው ደግሞ በአብዛኛው በኪሎ ነው። ተመኑ ሲያንስ ለበሰለው ፍሬ ደጋግሞ ከመመለስ ይልቅ ቅርንጫፉን መሸምጠጥ ያዋጣዋል። አረንጓዴው ፍሬ በመፈልፈያው በደንብ አይላጥም፣ የስኒውንም ጣዕም ያበላሻል። በዚህ ለቃሚውን መውቀስ ግፍ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል፤ ቦርዱ በኪሎ የሚከፈላቸውንም ሊያካትት ይገባል። እስከዚያው የጅማ የቡና ገበሬዎች ማኅበራት ለቀማ ሳይጀመር ተመኑን ሚዛኑ አጠገብ ይለጥፉ፣ ለተመረጠ ቀይ እሸት ጭማሪ ይክፈሉ፣ ጭማሪውንም ከገዢው ጋር በሚፈራረሙት ውል ያስገቡ።

አንድ አንባቢ፣ ከጅማ