ቀየርነው ብላችሁ ስለመለሳችሁልኝ ስፒከር

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሱቁ ሥራ አስኪያጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስሜ፣ የገዛሁት ዕቃና የከፈልኩት ብር መዝገባችሁ ላይ አለ። ቴሌግራማችሁን ወደ ላይ ብትገፉት ደግሞ ከግንቦት 17 ጀምሮ የጻፍኩላችሁ ሁሉ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አልተርክም። ባጭሩ፣ ከሸጣችሁልኝ ሁለት ያማሃ ኤች ኤስ 5 ስፒከሮች አንዱ ለእኛ አገር መብራት የማይሆን ባለ 120 ቮልት ስለነበር ቀይሩልኝ ብያችሁ ነበር። የምጽፈው ሰኔ 4 ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቃችሁ ውስጥ ስለሆነው ነገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ታግሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አልቻልኩም።

ሠራተኛችሁ ካርቶኑን ከጓዳ ይዞ ወጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። «እህቴ፣ ይኸው አዲስ ቀይረንልሻል፤ ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ» አለኝ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ደቂቃ የ17 ቀኑን ምልልስ ሁሉ ረስቼው ነበር። ግን እዚሁ ልክፈተው አልኩ። ባለፈው ቤቴ ሲመጣ ሳልከፍት ፈርሜ ነው ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው። ስፒከሩን አውጥቼ ሳዞረው ከታች በግራ በኩል፣ ጥግ ላይ፣ ጥፍር የምታክል ስርጉድ አየሁ። ያቺን ስርጉድ አውቃታለሁ። ግንቦት 17 ጠዋት ፎቶ አንስቼ የላክሁላችሁ እሷኑ ነው።

ከኋላው ደግሞ የባሰ ነበር። መጀመሪያ ቀን ቮልቴጁና መለያ ቁጥሩ ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ነበረው። አሁን የለም። በምላጭ ተፍቋል። ሙጫው ገና ያጣብቃል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት የካርቶን ብናኝ ይዞ መጣ። ጥቁሩ ቀለም ላይ ምላጩ የሄደባቸው ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። የዚህም ፎቶ አለኝ፤ ከደብዳቤው ጋር አያይዤዋለሁ።

«ይህ እኮ የራሴው ስፒከር ነው» አልኩት።

«አይደለም፣ አዲስ ነው።»

«ታዲያ ቮልቴጁ የተጻፈበት የት ሄደ?»

«220 ነው እህቴ፣ ዝም ብለሽ ሰኪው።»

«እሺ። 220 ነው፣ ተሰክቶ ቢቃጠል ኃላፊነቱን እንወስዳለን ብላችሁ ጻፉልኝና አሁኑኑ ይዤው እሄዳለሁ።»

እኛ እንዲህ ያለ ወረቀት አንፈርምም አለኝ። በሉ እዚሁ ሰክታችሁ አሳዩኝ አልኩት። መብራት ነበረ፤ ሶኬቱም ከጀርባው ነው። እሱንም አልፈለገም። 220 መሆኑን እርግጠኛ ከሆነ ምን አስፈራው? እስካሁን ከጆሮዬ ያልወጣው ግን ቀጥሎ የተናገረው ነው። «ስለ ስፒከር የሚገባው ወንድም ወይ ባለቤት ካለሽ ይዘሽው ነይ፤ ከእሱ ጋር እንግባባለን።» አጠገቡ የነበሩት ሁለት ልጆች ሳቁ። ከኋላዬ የስልክ ቻርጀር ሊገዛ የቆመ ሰውዬ ሳይቀር አንገቱን ደፋ። እኔ ዕቃውን ወደ ካርቶኑ መልሼ ወጣሁ። ስፒከሩ እስከ ዛሬ እናንተው ዘንድ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተቀዳ የትረካ ድምፅ እያስተካከልኩ ኖሬያለሁ። አንባቢ ትንፋሹን የሳበበትን፣ ምላሱ ከላንቃው ሲላቀቅ የምትሰማዋን ጢቅ የምትል ድምፅ፣ «ሰ» ስታፏጭ እየለየሁ የማጠራ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ነው። ስለ ስፒከር የሚገባው ሰው ፈልጋችሁ ከሆነ ፊታችሁ ቆሞ ነበር።

ቮልቴጁን እንደ ቀላል ነገር ስላያችሁት በግልጽ ልጻፈው። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው። ለአሜሪካ የተሠራን ስፒከር እዚህ መሰካት ማለት ከሚችለው እጥፍ ለመሆን ትንሽ የቀረው መብራት መልቀቅ ማለት ነው። ዕድል ከቀናው ፊውዙ ይበጠሳል። ካልቀናው ውስጡ ይቃጠላል። የላፕቶፕ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ድረስ ስለሚቀበል ሰው ሁሉም ዕቃ እንደዚያ ይመስለዋል። ያማሃ ኤች ኤስ 5 ግን እንደሚሸጥበት አገር መብራት ተለይቶ ነው የሚሠራው። ከላካችሁልኝ ሁለት ስፒከሮች አንዱ ባለ 220፣ ሌላው ባለ 120 ነበር። ያን ዕለት ከመሰካቴ በፊት ጀርባውን ማንበቤ እግዜር ሲረዳኝ ነው። ብሰካው ኖሮ «አቃጥለሽው ነው» ብላችሁ እንደምትመልሱኝ አሁን አልጠራጠርም።

መጀመሪያ ስደውል ያገኘሁት መልስ «ትራንስፎርመር ገዝተሽ ተጠቀሚ» የሚል ነበር። ለምን ብዬ? ሙሉ ዋጋ ከፍዬ፣ ሁለቱም አዲስ፣ ሁለቱም ባለ 220 ብላችሁ ሸጣችሁልኝ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር ሌላ ከባድ ብረት እንዳኖር ነው? ደግሞስ ስፒከር ጥንድ ተደርጎ የሚገዛው በምክንያት ነው። ሁለቱ እኩል ሲሠሩ የአንባቢዋ ድምፅ ስፒከር በሌለበት መሀል ላይ፣ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዱ ከሌላው ከተለየ ግን ወደ ጎን ያጋድላል። እኔም ምንም ያላጠፋውን ቅጂ አስተካክላለሁ ብዬ አበላሸዋለሁ። ውስጡ ማን እንደነካካው የማላውቀውን ስፒከር ከደህናው ጎን አቁሜ ሥራዬን ላምነው አልችልም።

ይህን ዕቃ በችኮላ አልገዛሁትም። አራት ወር መርጫለሁ። የልቤ የፊንላንዱ ጄኔሌክ 8030 ነበር፤ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆነ። ኤች ኤስ 5ን የመረጥኩት ድምፅ ስለማያሳምር ነው። ስህተቱን እንዳለ ያሰማል፤ ለሥራዬ የሚያስፈልገኝ ይኸው ነው። ወፍራሙን ድምፅ ለሚያወጣው ዉፈር 45 ዋት፣ ቀጭኑን ለሚያወጣው ትዊተር 25 ዋት፣ ለየራሳቸው አምፕሊፋየር አላቸው። ባለ 5 ኢንቹ ለእኔ ጠባብ ክፍልና ጠረጴዛ ይበቃል፤ ባለ 8 ኢንቹ ቤዙ ያፍነኛል። የእቁብ ብሬ ደርሶኝ ነው የመጣሁት። ይህን ሁሉ ለሠራተኛችሁ ስነግረው «ይሄኛው 1000 ዋት ነው፣ ይሻልሻል» እያለ ካርቶኑ ያብረቀረቀ ሌላ ስፒከር ያሳየኝ ነበር። ካርቶን ላይ የሚጻፍ እንዲህ ያለ ቁጥር ለማሻሻጫ እንጂ ስፒከሩ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል አይደለም። ለሚሸጠው ሰው ይህን ማንም ካላስረዳው ደንበኛውን ምን ብሎ ያማክራል?

ልስማው ስል ደግሞ የራሴን ፋይል በፍላሽ ይዤ ነበር፤ የሴት ድምፅ፣ ሙዚቃ የሌለው ትረካ። ፍላሽ አንሰካም ተባልኩ። በምትኩ ቤዙ መስታወቱን የሚያንቀጠቅጥ ዘፈን ተከፈተልኝ፣ ያውም ሁለቱ ስፒከሮች ተጠጋግተው፣ ጀርባቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ። የኤች ኤስ 5 የአየር ማውጫ ቀዳዳ ከኋላ ነው። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ቤዙ ያብጣል፤ እንዲህ ሆኖ የሚሰማ ስፒከር ደግሞ ስለ ራሱ ምንም አይናገርም። ትንሽ ወደፊት ሳቡት፣ ለያዩት፣ ትዊተሩ ጆሮዬ ትይዩ ይሁን ብዬ ጠየቅሁ። «እሱ እኮ ያው ነው» ተባልኩ። ያው አይደለም። ያን ጊዜ ዝም ብዬ አለፍኩት።

ዝም ያልኩት እሱን ብቻ አይደለም። 92,000 ብር ብላችሁ፣ ብሩን ይዤ ስመጣ «ዶላር ጨመረ» ተብሎ 96,500 ሆነ። ከፈልኩ። ዴሊቨሪ በነፃ ነው ተብዬ ሹፌሩ በር ላይ 600 ብር ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ደረሰኝ ስጠይቅ በእጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ተሰጠችኝ፤ ትክክለኛው ነገ ይላካል ተባለ፤ እስከ ዛሬ አልመጣም። ኬብሉስ? «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ጫፉ ቀይና ነጭ የሆነ ኬብል በ850 ብር ሸጠልኝ። ስፒከሩ የሚቀበለው ኤክስ ኤል አር የሚባለውን ክብ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ወይም ወፍራሙን ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ ነው። ቀይና ነጩ የሚገባበት ቀዳዳ ጭራሽ የለውም። ልመልስ ስል «የተከፈተ ኬብል አንቀበልም»። ትክክለኛውን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። እነዚህን አንድ በአንድ ቆጥሬ ልከሳችሁ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ሲደመሩ አንድ ነገር ነው የሚነግሩኝ፤ ብሩ ከእጄ ከወጣ በኋላ እኔ ለእናንተ ደንበኛ አይደለሁም።

ግንቦት 20 ስፒከሩን ከቤቴ ስትወስዱ «ሦስት ቀን ብቻ ታገሺን» ነበር ያላችሁኝ። ግንቦት 23 ስጠይቅ «ነገ»። ግንቦት 25 «ዕቃው መንገድ ላይ ነው»። ከ28 በኋላ ስልክ አይነሳም፤ ቴሌግራም ላይ መልእክቴ መነበቡ ይታያል፣ መልስ ግን የለም። ሦስት ጊዜ ከጀሞ ቦሌ ተመላልሻለሁ። ሁለቱን በሚኒባስ፣ አንዱን ሥራ ስለረፈደብኝ በኮንትራት ታክሲ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እጄ ላይ ያለው ሥራ አልቆመልኝም። 11 ሰዓት የሚረዝም ትረካ ነው። አንባቢዋ የምትቀዳው ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ ነው፤ ዝናብ መጣል ከጀመረ መቅዳት ቀረ ማለት ነው። የተበላሸውን ክፍል አሁን ለይቼ ካልነገርኳት ክረምቱ እስኪወጣ እንጠብቃለን። በሄድፎን እየሠራሁ ነው። ሄድፎን ትንፋሹንና ጢቅ ጢቁን ያሳያል። ግን የግራው ለግራ ጆሮ፣ የቀኙ ለቀኝ ጆሮ ብቻ ስለሚገባ ድምፁ በሰው ሳሎን ውስጥ ምን እንደሚመስል አይነግረኝም። ማታ ማታ አንዱን ደህና ስፒከር ብቻውን ከፍቼ በግማሽ እየሰማሁ እገምታለሁ። ይህን ሁሉ ብር ያወጣሁት ከመገመት ለመዳን ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅኋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለ 120ውን በባለ 220 ቀይሩልኝ። ያኔ ብትቀይሩት ኖሮ አመስግኜ፣ ለሥራ ጓደኞቼም «እነሱ ጋ ሂዱ» ብዬ ልናገርላችሁ ነበር። አሁን ያ አይበቃኝም። ተለጣፊውን ፍቆ «አዲስ ነው» ብሎ የመለሰልኝ ሱቅ ሌላ ስፒከር ቢያመጣልኝ በምን አምነዋለሁ? ስለዚህ ሙሉ ገንዘቤን መልሱልኝ። 96,500 ብሩን፣ የኬብሉን 850 ብር፣ በነፃ ነው ተብሎ የተወሰደብኝን 600 ብር። ቤቴ ያለውን ደህናውን ስፒከርና ያልሠራሁበትን ኬብል ከነካርቶናቸው እመልሳለሁ። ትክክለኛውን ደረሰኝም እፈልጋለሁ፤ ግብር የሚከፈልበት ሽያጭ ነው የፈጸምኩት፣ የደረሰኝ መብቴ ነው።

ሰኔ 4 ቀን ለተናገረኝ ነገር ደግሞ ይቅርታ በጽሑፍ እፈልጋለሁ። ልጁ ከሥራ ይባረር አላልኩም፤ እንጀራውን መንካት አልሻም። ግን ሴት ልጅ የራሷን ዕቃ ልትጠይቅ ስትመጣ «ወንድ ይዘሽ ነይ» እንዳይባል እናንተ አለቆቹ ልትነግሩት ይገባል። ነገ እህቱ ወይ ልጁ ሌላ ሱቅ ሄዳ እንዲህ ብትባል ደስ አይለውም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን አንብቤዋለሁ። ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይላል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችልም ይላል። እኔ ዕቃው ግንቦት 16 ደርሶኝ ግንቦት 17 ነው የጠየቅሁት። ቀኑ ቴሌግራም ላይ አለ። እስከ ሰኔ 15 መልስ ካላገኘሁ ይህን ደብዳቤ፣ ፎቶዎቹን፣ ያቺን ብጣሽ ወረቀትና የባንክ ትራንስፈሩን ይዤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። መሄድ አልፈልግም። ጊዜም የለኝም። ግን እሄዳለሁ።

ስልኬ ያው የምታውቁት ነው። ጠዋት ጠዋት እየሠራሁ ስለምዘጋው ከ9 ሰዓት በኋላ ደውሉ። ዕቃውን ልትወስዱ ስትመጡ «ተቀብለናል» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ ያለዚያ ካርቶኑን ከቤቴ አላስወጣም።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ