በረዶ ከጠረበው አገር፦ ለወንድሜ ለታደሰ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለታደሰ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብዳቤ ከጻፍሁልህ ዓመታት አልፈዋል፤ ዝምታው ግን ከመርሳት የመጣ አይደለም። አንተ ጎባ ላይ ጂኦግራፊ የምታስተምር ሰው ስለሆንህ፣ የምኖርበትን አገር አቀማመጥ በቅጡ ሳላውቅ ልገልጽልህ አልወደድሁም። አሁን በመጠኑ ስላወቅሁት እነሆ ጻፍሁልህ።

ያለሁት በምዕራብ ኖርዌይ፣ ፊያርላንድ በምትባል፣ ነዋሪዋ ሦስት መቶ ገደማ በሆነ ትንሽ መንደር ነው። መንደሯ የተቀመጠችው በፊዮርድ ራስጌ ሲሆን፣ ፊዮርድ የሚሉት የበረዶ ግግር ቦርቡሮ የተወውን ሸለቆ ባሕር ሲሞላው የሚፈጠረውን ረጅምና ጠባብ የባሕር ክንድ ነው። የእኛው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ከሄደ በኋላ ከታላቁ ከሶግነ ፊዮርድ ጋር ይገናኛል፤ ሶግነም ከውቅያኖስ ተነሥቶ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ መሀል አገር የሚዘልቅ፣ ጥልቀቱም በአንዳንድ ስፍራ ከ1,300 ሜትር የማያንስ ነው። እኔን ከጥልቀቱ ይልቅ የደነቀኝ አፉ ነው። ከውቅያኖስ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወለሉ ሽቅብ ይነሣና የውኃው ጥልቀት ከ200 ሜትር በታች ይሆናል። በበረዶ ዘመን ከተራራው የወረደው ግግር በጠባቡ ሸለቆ ተጨናንቆ ሲጓዝ ዐለቱን ከባሕር ጠለል እጅግ ዝቅ እስኪል ድረስ ፋቀው፤ ከጠረፉ ሲደርስ ግን ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ስለሳሳ የመቆፈር ጉልበቱ ደከመ። ወንዝ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም፤ የዓባይ ሸለቆ ምንም ያህል ቢጠልቅ ወለሉ ወደ ቆላው እያዘቀዘቀ ይሄዳል እንጂ መልሶ አይነሣም።

ከመንደሩ በስተ ሰሜን በተራሮቹ አናት ላይ ዮስተዳልስብሬን የተባለው የበረዶ ግግር ተዘርግቷል። ስፋቱ 460 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በአውሮፓ ዋና ምድር ላይ ከሚገኙት ሁሉ ትልቁ ነው። የዚያ የጥንቱ ግግር ቅሪት አይምሰልህ፤ የጥንቱ ቀልጦ ካለቀ በኋላ አየሩ እንደገና ሲቀዘቅዝ የተፈጠረ ነው። ከእርሱ ሁለት ክንዶች፣ ቦያብሬንና ሱፕሄለብሬን፣ ወደ እኛ ሸለቆዎች ይወርዳሉ። ሱፕሄለብሬን ከገደሉ ላይ ለሁለት የተቆረጠ ሲሆን፣ ከላይ የሚናደው በረዶ ከገደሉ ሥር እየተከመረ ታችኛውን ግግር ይሠራዋል።

በበጋ ከግግሩ ሥር የሚፈልቀው ውኃ እንደ ዱቄት የላመ የዐለት ብናኝ ይዞ ይወርዳል። ብናኙ ቶሎ ስለማይዘቅጥ ብርሃኑን እየበተነ ፊዮርዱን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ከበድ ያለው ደለል ደግሞ ወንዞቹ ከባሕሩ በሚገናኙበት ላይ ተከማችቶ፣ ዛሬ ለወፎች ተብሎ የተጠበቀውን ረግረጋማ ደልታ ፈጥሯል። ጨው የሌለው ይህ ውኃ ቀላል በመሆኑ ከባሕሩ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህም ብርቱ ክረምት በሆነ ጊዜ የፊዮርዱ ራስጌ ረግቶ በረዶ ይሆናል። በታኅሣሥ ቀኑ ከስድስት ሰዓት ያነሰ ነው፤ በሰኔ ግን ሌሊቱ ፈጽሞ አይጨልምም።

ሊታረስ የሚችለው መሬት በውኃውና በገደሉ መካከል የቀረው ቀጭን ጠርዝና የሸለቆዎቹ ወለል ብቻ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ወደ አሜሪካ የተሰደደው አንድም በዚህ የመሬት ጥበት ምክንያት ነበር። የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት የዋልተር ሞንዴል አያት ቅድመ አያቶች የወጡት ሙንዳል ከሚባለው ከዚሁ ከመንደሩ መሀል ነው። እኔም ስደተኛ ነኝና፣ ዛሬ ሀብታም የምንለው ይህ አገር ልጆቹን በመርከብ ይሸኝ እንደነበር ሳስብ ሰዎቹ ይበልጥ ይቀርቡኛል።

እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደዚህ የሚመጣ ሰው በጀልባ ካልሆነ በቀር መንገድ አልነበረውም። በዚያ ዓመት ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የመኪና ዋሻ ከግግሩ ሥር ተፈልፍሎ ከሰሜን ተከፈተ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ወደ ሶግንዳል ከተማ የሚያወጣው ሌላ ዋሻ ተጨመረ። መኪናው ሲመጣ ጀልባው ሥራ አጣ፤ ባዶ የቀሩት በረቶችና ሱቆች ግን ከ1995 ጀምሮ የአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ሆኑ። በበጋ በየመንገዱ ዳር ሻጭ የሌለው መደርደሪያ ቆሞ ታገኛለህ፤ መጽሐፉን ትወስድና ገንዘቡን ከሣጥኑ ትከታለህ። እንዲህ ያለ መተማመን ያለበት ቦታ መኖሬ ትልቅ ደስታዬ ነው።

የሚያሳዝነኝ የግግሩ ነገር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ እርሻው ተጠግቶ ነበር፤ በ1990ዎቹም በክረምት ብዙ በረዶ ስለ ጣለ ክንዶቹ ወደ ፊት ገፍተው ነበር። ከ2000 ወዲህ ግን ያለማቋረጥ እየሸሹ ነው፤ በጋው ስለ ሞቀ በክረምት የሚጨመረው በበጋ የሚቀልጠውን መተካት አልቻለም። የቦያብሬን ጫፍ ርቆ የቆመበትን፣ ገና ሣር ያልበቀለበትን ራቁት ዐለት ማየት ልብ ይሰብራል።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ባሌ ተራሮች ላይም በበረዶ ዘመን ግግር እንደ ነበረ፣ ገፍቶ ያመጣው የድንጋይ ክምርም እስካሁን እንደሚታይ አንብቤያለሁ። ተማሪዎችህን ይዘህ ሳነቲ ስትወጣ ክምሮቹን ፎቶግራፍ አንሥተህ ላክልኝ፤ መጠናቸው እንዲታወቅ አንድ ልጅ ከአጠገባቸው ይቁም። እኔም ከቦያብሬን ፊት ያለውን ክምር አንሥቼ እልክልሃለሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ በክፍል ልታስተምርባቸው ትችላለህ።

እናትህን እጅ ነሥቶልሻል በልልኝ።

ወንድምህ፣
ከፊያርላንድ