ደህና ነን፤ ቪዲዮውን ግን አልከፈትኩትም

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ያስቀደምኩት የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የጠየቅከኝ እሱን ስለሆነ ነው።

ስንት ጊዜ ጠፍተህ አንድ ማታ በቴሌግራም ብቅ አልክ። ስምህን ሳይ ደስ አለኝ። ስገባ አንድ ቪዲዮ ነው። ከሥሩ «ይሄ የኛ ሰፈር ነው እንዴ? ሰላም ናችሁ?» ብለሃል። ገና ሳይጫወት ፊት ላይ የሚታየው ምስል በቂ ነበር። የተገለበጠ ባጃጅ፣ አስፋልት ላይ የተዘረጋ ሰው፣ ዙሪያውን ስልክ የያዙ እጆች። አልከፈትኩትም። አንተንም ዝም አልኩህ። ተቀይሜ አልነበረም፤ የምጽፍልህ ነው የጠፋኝ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ዝምታው ራሱ ከበደ። አንተም እንዳኮረፍክ ገባኝ።

ልብህን አውቀዋለሁ። ሰው አገር ተቀምጠህ «ሐዋሳ» የሚል የተጻፈበት አደጋ ስታይ ልብህ ስንጥቅ ይላል። ደግሞ ብዙው ውሸት ነው። የሆነ አገር የደረሰ አደጋ የከተማ ስም እየተቀየረለት ሲዞር ይከርማል። እዚህ ሱቅ ቁጭ ብዬ ስንቱን አየሁ መሰለህ። «ዛሬ ሻሸመኔ መውጫ ላይ» ይልሃል፤ መኪኖቹ ግራቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት! ኬንያ ይሁን ህንድ አንተው ገምት። አንተ የላክልኝ ግን እውነት ነበር። የኛው ከተማ ነው፣ አቶቴ አካባቢ።

ሟቹን አታውቀውም። እኔም በሕይወት እያለ አላውቀውም ነበር። የተዋወቅነው በፎቶው ነው።

ፎቶ ቤቱ አሁንም አለ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን ሥራው ሌላ ሆኗል። ጉርድ ፎቶ እንደ ድሮው አይደለም፤ ለፋይዳ እዚያው ያነሱሃል። ሠርጉንም ድሮን ያላቸው ልጆች ወሰዱት። እኔ ጋ የቀረው ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን እና የለቅሶ ፎቶ ማስፋት ነው። እሱ መቼም አይቀርም።

የሟቹ ልጅ አጎት በማግስቱ መጣ። ስልኩ ላይ ሁለት ፎቶ ይዟል። አንዷ ከመታወቂያ ላይ የተነሳች ጉርድ ናት፤ ስትሰፋ ምን እንደምትመስል አንተም ታውቃለህ። ሌላው ፍቅር ሐይቅ የተነሳው ነው። የሰው ኮት ደርቦ፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት። አጎትየው አየው፣ አየውና «ይሄ ይሁን። እናቱ ይህችን ሳቁን ትወዳለች» አለኝ። ሥራ ጀመርኩ። ከኋላችን ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁ ሁለት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ድምፁን ለቀውታል። ግርግር ይሰማል። አንዲት ሴት «ወይኔ! ወይኔ!» ትላለች። ከዚያ የሚቀርጸው ሰውዬ «እስቲ ዞር በሉልኝ» ይላል። አጎትየው ገባው። ልጆቹ ማን አጠገባቸው እንደቆመ አላወቁም። እሱም ዞሮ አላያቸውም። በጣቱ ስክሪኑን እያሳየኝ «ኮሌታውን አስተካክልለት» አለኝ።

ይሄ ነገር ከዚያን ቀን ጀምሮ ያብከነክነኛል። ሟቹ በየትኛው መልኩ እንዲታይ የሚመርጠው ቤተሰብ ነው። የኛ ሥራ እኮ እሱ ነበር። አንተ ራስህ ስንቷን እናት አጠገብህ አስቀምጠህ «ይሄኛው ይሻላል እማማ?» ብለሃል። አስከሬኑ ይገነዛል፣ ይሸፈናል። ለቀስተኛው ፊት የሚቀመጠው ያማረ ፊቱ ነው። አሁን ግን ቤተሰቡ አልበም ሳይገልጥ፣ አንድ መንገደኛ የመረጠለት ምስል ከተማውን አዳርሶ ይጠብቀዋል።

የሟቹ እህት ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምትሠራው። ዘመድ ተሰብስቦ ተማክሮ ነበር። ከሺፍት ወጥታ ቤቷ ትግባ፣ እህል ትቅመስ፣ አክስቷ አብራት ትደር፣ ሲነጋ ይነገራታል ተባለ። እሷ ግን ሰርቪስ ውስጥ ሆና ስልኳን ከፈተች። ስም አልተጻፈበትም። ሸሚዙን ነው ያወቀችው።

የአባትህን መርዶ አስታውስ። ማታውኑ ሰምተን ነበር። ሌሊቱን ተኝተህ እደር ተብሎ ነው ዝም የተባለው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን መጣን። በሩን ስትከፍት ገና ስታየን ገብቶሃል። ቢሆንም ግራና ቀኝ የሚይዝህ ሰው ነበረህ። ያቺ ልጅ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ስሟን እንኳ አታውቅም።

ሀብትም ዝናም ከዚህ አያድንም። የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኮቤ ብራያንት በጥር 2012 ከልጁና ከሌሎች ሰባት ሰዎች ጋር በሄሊኮፕተር አደጋ ሲሞት፣ ባለቤቱ ቫኔሳ «ተርፈው ይሆናል» እያለች ስልኳ ላይ «ነፍስ ይማር ኮቤ» የሚል መልእክት ይግተለተል ነበር። በኋላ ደግሞ ቦታው ላይ የደረሱ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች የአስከሬኖቹን ፎቶ በስልካቸው ማንሳታቸው ተሰማ። አንዱማ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲያሳይ ነበር። ከሰሰች። በነሐሴ 2014 ለእሷና በዚያው አደጋ ሚስቱንና ልጁን ላጣ ሌላ ሰው በድምሩ 31 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተፈረደ። እሷ ችሎት ላይ የተናገረችው ግን ስጋቷን ነው። ፎቶዎቹ አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ወጥተው ልጆቼ ያዩዋቸዋል ብላ ትፈራለች። ፖሊስም ቢሆን፣ ፎቶውም ገና ባይወጣ፣ ፍርሃቱ አለ። የኛ ሰው ደግሞ ወጥቶ፣ ተሠራጭቶ፣ ሙዚቃ ገብቶበት ነው የሚያገኘው። እውነቴን ነው፤ ሙዚቃ ይጨምሩበታል።

አንተ ያለህበት ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሟችን በሚያዋርድ መልኩ ፎቶ ማንሳት እስከ 2 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። እኛም ጋ ሕግ የለም አይባልም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት ይከለክላል። ለመስኮታችን የሙሽሮችን ፎቶ ስናስፈቅድ ትዝ ይልሃል? አንዳንዷ «ይሄኛው አያምርም፣ አውርዱት» ብላ ተመልሳ ትመጣ ነበር። እናወርድላት ነበር።

ሁሉም ይጥፋ እያልኩህ ግን አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ ዞን ላይ መሬት ሲናድ፣ ለማዳን የሮጡትንም ሁለተኛው ናዳ ሲቀብራቸው ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ያን ጊዜ ሕዝቡ በእጁና በአካፋ ጭቃ ሲዝቅ የሚያሳየውን ምስል ያላየ የለም። ያ መታየት ነበረበት። አገር የደነገጠው በእሱ ነው። የሚታየው ደግሞ የሟች ገላ ሳይሆን የሚቆፍረው ሰው ነው። የኛው የሲዳማ ቦናም ትዝ ይለኛል። ታህሳስ 20 ቀን 2017 ሠርገኞች የጫነ አይሱዙ ከድልድይ ወንዝ ገብቶ ከ60 በላይ ሰው ሞተ። የዚያን ቀን ከወጡት ፎቶዎች አንዱ ላይ አስከሬኖቹ ሰማያዊ ሸራ ለብሰዋል። ሐዘኑ ሳይቀንስ ያየነው ፎቶ ነው። ያን ሸራ ያለበሰ እጅ ይባረክ።

«አትየው፣ እለፈው» ይሉሃል። እንዴት ይታለፋል? ቲክቶክ ላይ ቪዲዮው ሳትነካው በራሱ ይጀምራል። ደንግጠህ ጣትህ ሲቆም ድንጋጤህን አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው መቆየትህን ነው። ወደድከው ብሎ ሌላ ይጨምርልሃል። ቴሌግራም ደግሞ ይባስ። ካልዘጋኸው ግሩፕ ውስጥ የተለጠፈውን በራሱ ስልክህ ላይ ያወርድልሃል። አንዲት እናት «ልጄ የእኔን ስልክ ይዞ ሲጫወት አየው፣ ከዚያ ወዲህ ሌሊት ይባንናል» ብላ አጥፋልኝ ስትለኝ ስልኳ ሙሉ ነበር። አውቶ ዳውንሎዱን ዘጋሁላት። አሁን ስልክ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ በነፃ እዘጋለሁ። ያንተንም ዝጋ።

የሚያጠፋውስ ማን መሰለህ? ማሽን ብቻ አይደለም። ናይሮቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለውን እያዩ ለፌስቡክ ሲያጣሩ የነበሩ ሰዎች አሉ፤ አማርኛ የሚችሉ የአገራችን ልጆችም ነበሩበት። የፌስቡክን ባለቤትና የቀጠራቸውን ኩባንያ ፍርድ ቤት ገትረዋል። ከ140 በላይ የሚሆኑት ላይ ሐኪም ከባድ የአእምሮ ጉዳት ማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ተዘግቧል። አንዱ ላይክ ፍለጋ ለጠፈ፣ ሌላው እሱን ለማጥፋት እንቅልፉን አጣ።

እንግዲህ ያልመለስኩልህ ለዚህ ነው። አሁንም የኛ ከተማ ስም ሲጠራ እንዳትጨነቅ አልልህም። ግን ደውል። ደህና መሆናችንን የምታውቀው በድምፄ እንጂ በሰው ሬሳ አይደለም። ያቺን ቪዲዮ ለሌላ ሰው ልከህ ከሆነ ደግሞ ግባና ሰርዛት፤ ቴሌግራም ከሁለቱም ወገን ያጠፋል።

እናትህን ባለፈው እሁድ ገብርኤል በር ላይ አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ትንሽ ያስቸግራቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። «ጠፋ» እያሉ ናቸው፣ ደውልላቸው። ሱቅ የምዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ እኔንም ታገኘኛለህ። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ሳልረሳው፣ የትልቁ ፕሪንተር ሄድ ተበላሽቶብኝ ቀለሙ እየተሰነጠረ ነው የሚወጣው። እዚያ ስንት እንደሆነ ጠይቅልኝ፤ ሞዴሉን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ።

ወንድምህ፣
ከሐዋሳ