የወንድም ብድርም ይጻፍ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ጽሕፈት ጥቅም ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የብራና መጻሕፍት ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት።

ከዘመድ ጋር ገንዘብ ስንበዳደር «እንፈራረም» ማለት ነውር ይመስለናል። ወዲያው «አላመንከኝም እንዴ?» ይመጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 2472 ግልጽ አድርጎታል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፤ አለዚያ ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመን ወይም በመሐላ። የሰፈር ሰው ሁሉ «አይቻለሁ» ቢል ብድሩን አያስረዳም። ዛሬ ደግሞ ከ500 ብር በታች የሚበደር ማን አለ?

ከሁሉ የሚከፋው አበዳሪው ሲሞት ነው። ሚስትና ልጆች ማን ስንት እንደወሰደ አያውቁም። ተበዳሪው ካልተናገረ ገንዘቡ እዚያው ቀረ።

እድራችን መዝገብ አለው። እቁባችንም ማን እንደጣለ ይጽፋል። በዚህ የተቀየመ ሰው አላየሁም። ታዲያ ከወንድም ጋር ሲሆን ምን ያሳፍራል? ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ የሚመለስበት ቀን፣ የሁለቱ ፊርማና ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። መጻፍ የማይችል ሰው በጣት አሻራ ሲፈርም ግን ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ፊት መሆን አለበት፤ አለዚያ አያስገድደውም፤ ሕጉ የሚለው እንደዚያ ነው።

እባካችሁ፣ ማንም ቀድቶ የሚጠቀምበት አጭር የብድር ውል ናሙና በቀጣዩ እትማችሁ አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ