አዲስ ሠራተኛ ሥራውን ከቤት አይጀምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የሂሳብና የግዥ ሠራተኞቻቸውን በሳምንት ሁለት ቀን ከቢሮ፣ ሦስት ቀን ከቤት የሚያሠሩ ድርጅቶች አሉ። ለነባሩ ሠራተኛ መልካም ነው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በየቀኑ መውጣት መውረዱ ይቀርለታል። አዲስ ተቀጣሪውንም ከመጀመሪያው ሳምንት በዚሁ አሠራር ማስገባት ግን ይጎዳዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ 12 ሳምንት መሆኑ ነው። ቢሮ የሚገባው ሁለት ሁለት ቀን ከሆነ አለቃው በዓይኑ የሚያየው 24 ቀን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሙሉውን ቢሮ ቢውል 30 ይሆናል። ስድስት ቀን ትንሽ ይመስላል፤ የሚጨመረው ግን ጥያቄ በሚበዛበት መጀመሪያው ላይ ነው። በሙከራ ጊዜ ብቁ አይደለም የተባለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ይሰናበታል። ሥራውን በቅጡ ሳያሳዩት «አልቻለም» ማለት እንጀራውን መንጠቅ ነው።

ላፕቶፑ ከነቻርጀሩ፣ ኢሜይሉና የሂሳብ ሶፍትዌሩ መግቢያ ሠራተኛው ከመምጣቱ ሦስት ቀን ቀድሞ ይዘጋጅ። ፈቃዱን የሚከፍተው ባለሙያ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ከሆነ ሐሙስ የተጠየቀው ለሰኞ ላይደርስ ይችላል። ያኔ አዲሱ ሰው በሌላ ሰው የይለፍ ቃል እንዲገባ ይደረጋል፤ ወር ሲዘጋ ስህተት ቢገኝ ማን እንደመዘገበው አይለይም።

ወደ ቤት ከመሸኘቱ በፊት ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይታይ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋልና ስልኩ ላይ የዳታ ጥቅል ይኑረው። የጥቅሉን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ መብራት የጠፋበት ሰዓት እንዴት እንደሚቆጠር በውሉ ላይ ይስፈር።

ሰዓቱም ያሳስታል። ከኮምፒውተር የሚላክ የስብሰባ ጥሪ «9፡00» ሲል ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ያልለመደው ግን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት መስሎት ስብሰባው ያመልጠዋል። ከጥሪው ሥር «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ዓርብ ከረፋዱ 5፡30 እስከ ቀኑ 7፡30 ደግሞ የጁምዓ ሰዓት ነውና ስብሰባ አይያዝበት።

ከሁሉ የምናጠብቀው ግን ይህን ነው፦ ከአለቃው ሌላ አንድ ነባር ሠራተኛ ይመደብለት። እኛ ዘንድ ወጣት ለታላቁ «አልገባኝም» ማለት ያፍራል። ቢሮ ቢሆን ፊቱ ያስታውቅበታል፤ ቤት ሲሆን ዝም ብሎ ይውላል፣ የተበላሸው ሥራ የሚታየው ከሳምንት በኋላ ነው። አዲሱ ከቤት በሚሠራባቸው ቀናት ነባሩ ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ይደውልለት፤ የቴሌግራም መልእክት ይህን አይተካም። ለዚህም ከራሱ ሥራ ይቀነስለት፤ ካልተቀነሰለት በሁለተኛው ሳምንት መደወሉን ይተዋል፣ አይፈረድበትም። ሁለቱ ቢሮ የሚገቡበት ቀንም አንድ ይሁን። የትኛው ደንበኛ ደረሰኝ እንደሚያዘገይ፣ የትኛው ቅጽ ሁለት ኮፒ እንደሚፈልግ የሚሰማው ቡና ላይ ነው፤ መመሪያው ውስጥ አይገኝም።

ግምገማውም እስከ 60ኛው ቀን አይቆይ። በ20ኛውና በ40ኛው የሥራ ቀን ፊት ለፊት ተነጋግረው ውጤቱን በጽሑፍ ይስጡት። ጉድለቱን በ40ኛው ቀን ያወቀ ሰው የሚያርምበት 20 ቀን ይቀረዋል።

የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያዎች
ከደሴ